ያረጀውን ዛፍ የሚያተርፈው የትኛው ደንብ ነው? የከተማ ዛፍ ጥበቃ ደንቦች ሲነጻጸሩ

ሜትር ያዙና አንድ ትልቅ ዛፍ አጠገብ ቁሙ። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ ደረታችሁ አካባቢ ማለት ነው፣ ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ አዙሩት። ቅርፊቱ ከጎረበጠ ሜትሩ እንዳይንሸራተት ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ቁጥሩ 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ዛፉ በርሊን ውስጥ ቢሆን ባለቤቱ ራሱ በገዛ ግቢው ያለ ፈቃድ አይቆርጠውም። ሲንጋፖር ውስጥ ይኸው ዛፍ የቅርስ ዛፍ ለመባል ዙሪያው ከ5 ሜትር በላይ መሆን ይጠበቅበታል። በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ በተራ መኖሪያ ግቢ ከቆመና በከተማው ዝርዝር ካልተመዘገበ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግንዱን ውፍረት የሚጠይቅ የለም። ባለቤቱ ዛሬ ጠዋት መጋዝ ይዞ መውጣት ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለከተማቸው የዛፍ ደንብ ለማርቀቅ ለተቀመጡ፣ ወይም ረቂቅ ቀርቦላቸው አስተያየት ስጡ ለተባሉ ሰዎች ነው። አማራጮቹ ብዙ ይመስላሉ። ስማቸውም ያምታታል፤ «የቅርስ ዛፍ»፣ «ልዩ ዛፍ»፣ «የተጠበቀ ዛፍ»፣ «ታዋቂ ዛፍ»። እኔ ግን የትኛውንም ደንብ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቀድሞ መምጣት ያለበት ማን ነው? መቁረጥ የፈለገው ሰው ነው መጥቶ የሚያስፈቅደው? ወይስ ማዳን የፈለገው ሰው ነው ሮጦ የሚያስመዘግበው? የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጠን የሚጠብቅ ደንብ

ግንዱ ከዚህ መጠን ካለፈ፣ መሬቱ የማንም ይሁን፣ ሳታስፈቅድ አትቆርጥም። ደንቡ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ቆራጩ ነው። ዛፉን ማንም አይቶት አያውቅ ይሆናል፤ ከግንብ ጀርባ ተደብቆ ያደገ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ተጠብቋል።

በርሊን ከ1982 ጀምሮ የዛፍ ጥበቃ ደንብ አላት። ቅጠለ ሰፊ ዛፎችንና ጥቂት ሌሎች ዝርያዎችን ከ80 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ጀምሮ ትጠብቃለች። ቶሮንቶ በግል ግቢ ያለን ዛፍ ከ30 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ጀምሮ፣ ቫንኩቨር ከ20 ጀምሮ ታስፈቅዳለች። ዋሽንግተን ዲሲ ሁለት እርከን አበጅታለች። ዙሪያው 44 ኢንች፣ ማለትም 112 ሴንቲ ሜትር ገደማ የደረሰ «ልዩ ዛፍ» ይባላል፤ በፈቃድ፣ ገንዘብ ከፍሎ ወይም ምትክ ተክሎ መቁረጥ ይቻላል። 100 ኢንች፣ ማለትም 254 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ግን «የቅርስ ዛፍ» ነው። አደገኛ ካልሆነ ወይም የማይፈለግ ዝርያ ካልሆነ በስተቀር በገንዘብም አይቆረጥም። ይህ ሁለት እርከን በጣም ደስ ይለኛል። መካከለኛው ዛፍ ላይ ድርድር ይፈቅዳል፤ ትልቁ ላይ ግን በሩን ይዘጋል።

ረቂቅ ስታነቡ ሦስት ቦታ ላይ ቆም በሉ።

አንደኛው ዙሪያና ዲያሜትር ነው። የበርሊን 80 ከቶሮንቶ 30 ጋር ሲታይ የላላ ይመስላል። አይደለም። ዙሪያን ለ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትር ይወጣል። የበርሊኑ 80 ዲያሜትሩ 25 ብቻ ነው። የቶሮንቶው 30 ዙሪያው 94 ይሆናል። ስለዚህ በመጠን በኩል የበርሊኑ የበለጠ ጥብቅ ነው። በስብሰባ ላይ ሰዎች ሁለቱን አምታተው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት በከንቱ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሚለካበት ከፍታ ነው። በርሊን 1.30 ሜትር ላይ፣ ቶሮንቶና ቫንኩቨር 1.40 ላይ፣ እንግሊዝ 1.50 ላይ ይለካሉ። በሲንጋፖር የዛፍ ጥበቃ ቀጠናዎች ልኬቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ ነው። ግንድ ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋል። ዝቅ ብሎ የሚለካ ደንብ ብዙ ዛፍ ያስገባል። ከታች ጀምሮ ለሁለትና ለሦስት የተከፈለ ግንድስ? በርሊን ከግንዶቹ አንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ካለው ዛፉ ተጠብቋል ትላለች። ረቂቃችሁ ስለ ባለ ብዙ ግንድ ዛፍ ዝም ካለ፣ ያች ዝምታ ወደፊት ክርክር ትወልዳለች።

ሦስተኛው ዝርያ ነው። ባሕር ዛፍ በ20 ዓመት ውስጥ ሰው የማያቅፈው ግንድ ሊያወጣ ይችላል። ወይራ በዚያው ዕድሜ ገና ቀጭን ነው። ለሁሉም አንድ ቁጥር ካወጣችሁ፣ ፈጥኖ አዳጊው ይጠበቃል፤ መቶ ዓመት የኖረው ዘገምተኛ ዛፍ ግን ከቁጥሩ በታች ቀርቶ ይቆረጣል። መፍትሔው ዘገምተኛ ለሆኑ ዝርያዎች ዝቅ ያለ ቁጥር ማውጣት ነው። የቴክሳሷ ኦስቲን በ2010 ባወጣችው የቅርስ ዛፍ ደንብ 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለፉ ዛፎችን ስትጠብቅ ዝርያዎቹን በስም ዘርዝራለች፤ ኦክ በሙሉ፣ ፔካን፣ የተወሰኑ የኤልም ዓይነቶችና ሌሎችም።

«ለምን በዕድሜ አናደርገውም?» የሚል ሁልጊዜ አለ። ቻይና እንዲህ ታደርጋለች። በ2025 ሥራ ላይ በዋለው ደንቧ 500 ዓመት ያለፋቸው አንደኛ ደረጃ፣ ከ300 እስከ 499 ሁለተኛ፣ ከ100 እስከ 299 ሦስተኛ ናቸው። ለሕዝብ ሲነገር ልብ ይነካል። ነገር ግን የቆመን ዛፍ ዕድሜ በትክክል ማወቅ ከባድ ነው። ግንዱን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ ናሙና ማውጣት ይጠይቃል፤ ቀዳዳው ለዛፉ ቁስል ነው፤ የብዙ አሮጌ ዛፎች መሐል ደግሞ ባዶ ስለሆነ የሚቆጠር ቀለበት አይገኝም። ባለሙያ የሞላው ትልቅ መንግሥት ይችለው ይሆናል። ለአንድ ከተማ ግን ሜትር ይሻላል። ሜትር ማንም ይይዛል፤ ባለቤቱም ጎረቤቱም ለክተው ያው ቁጥር ያገኛሉ።

የመጠን ደንብ አንድ እውነተኛ ድክመት አለው። ገደቡ 80 ከሆነ፣ 77 የደረሰ ዛፍ አደጋ ላይ ነው። «ሳይደርስ ቶሎ እንጣለው» የሚል ባለቤት አይጠፋም። ስለዚህ ገደቡ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ያለ ገደብ ትልልቆቹን ያከበረ ይመስላል፤ ነገ ትልቅ የሚሆኑትን ግን ያስጨርሳል።

በስም ዝርዝር የሚጠብቅ ደንብ

እዚህ ላይ ከተማው መዝገብ ይከፍታል። ዛፎች ይጠቆማሉ፣ ባለሙያ ያያቸዋል፣ ያለፉት በስምና በቦታ ይመዘገባሉ። የሲንጋፖር የቅርስ ዛፎች መርሐ ግብር በ2001 ተጀመረ። ለተመዘገበ ዛፍ የሚደረገው እንክብካቤ የሚያስቀና ነው። ባለሙያ እየተመላለሰ ያየዋል፣ ታሪኩን የሚናገር ጽሑፍ ይቆምለታል፣ መብረቅ እንዳይመታው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ይዘረጋለታል። ለአንድ ዛፍ ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም።

ግን ዝርዝሩ ላይ የሌለውስ?

የኒውዚላንድን ታሪክ ለዚህ ነው የማነሳው። ኦክላንድ ውስጥ በመጠን የሚሠራ አጠቃላይ ጥበቃ ነበር። በ2009 ፓርላማው ሕጉን አሻሻለና ከተሞች እንዲህ ያለውን ሰፊ ጥበቃ በመኖሪያ ግቢዎች ላይ እንዳይጥሉ ከለከለ። ከ2012 ጀምሮ በግል ግቢ ላሉት አብዛኞቹ ዛፎች የቀረው መንገድ አንድ በአንድ በዝርዝር መመዝገብ ሆነ። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ሰው አንዲት ዛፍ ለመከርከም ፈቃድ ፍለጋ መንከራተቱ አሰልችቶ ነበር። ውጤቱ ግን ሸክሙ ዞሮ ማዳን በሚፈልገው ላይ መውደቁ ነው። ጥቆማ ያስገባል፤ ምርመራ ይጠብቃል፤ ምርመራ ደግሞ ባለሙያና በጀት ይፈልጋል። ጥቆማዎች ለዓመታት ተከማቹ። መጋዝ ግን ወረፋ አይጠብቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው የጎረቤቱ ዛፍ አለመመዝገቡን የሚያውቀው ዛፉ መሬት ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው።

ዝርዝር ሲቀርብላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የግል መሬትን ይጨምራል? የሆንግ ኮንግ የአሮጌና ውድ ዛፎች መዝገብ በ2004 ተከፍቶ የያዘው በመንግሥት መሬት ላይ ያሉትን ነው፤ በግል ይዞታ ያለው ዛፍ ምንም ያህል ቢገዝፍ እዚያ አይገባም። የባለቤቱ ስምምነትስ ያስፈልጋል? በፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ የግል ዛፍ የቅርስ ዛፍ የሚሆነው ባለቤቱ ሲስማማ ብቻ ነው። አንዴ ከተስማማ ግን ጥበቃው ከቤቱ ሰነድ ጋር ስለሚያያዝ ቀጣዩም ገዢ ይገደድበታል። ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ መቁረጥ የሚፈልገው ባለቤት በመጀመሪያውኑ አይስማማም።

ከዝርዝር ደንቦች ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ያገኘሁት የእንግሊዝ የዛፍ ጥበቃ ትእዛዝ ነው። የአካባቢው ምክር ቤት የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ በአንድ ዛፍ፣ በጥቂት ዛፎች ወይም በአንድ ጫካ ላይ ትእዛዝ ማውጣት ይችላል። ትእዛዙ በዚያው ቀን እንዲጸና ማድረግ ይቻላል። ባለቤቱ ተቃውሞውን ያሰማል፤ ምክር ቤቱም በ6 ወር ውስጥ ካላጸደቀው ጊዜያዊ ጥበቃው ያበቃል። ጠዋት ዛቻ ተሰምቶ ከሰዓት በኋላ ዛፉ ሊጠበቅ ይችላል ማለት ነው። ረቂቃችሁ በዝርዝር የሚሠራ ከሆነ ቢያንስ ይህችን የድንገተኛ አንቀጽ አስገቡ። ያለ እርሷ ዝርዝር ዘገምተኛ ነው።

በአካባቢ የሚጠብቅ ደንብ

በዚህ አልቆይም። አንድ ሠፈር በሙሉ ይከለልና በውስጡ ያለ ዛፍ ሁሉ ይጠበቃል። ልዩነቱ ያለው «አስፈቅድ» እና «አሳውቅ» በሚሉት ቃላት መካከል ነው። በሲንጋፖር የጥበቃ ቀጠና ዙሪያው ከ1 ሜትር ያለፈ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። በእንግሊዝ ታሪካዊ ሠፈሮች ግን መቁረጥ የፈለገው ሰው 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ማሳወቅ ብቻ ነው ያለበት። ምክር ቤቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጥበቃ ትእዛዝ ካላወጣ መቁረጥ ይቻላል። የምክር ቤቱ ሠራተኛ ቢታመም፣ ደብዳቤው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ቢያድር፣ ዝምታው ፈቃድ ይሆናል። እናንተ የምታረቁ ከሆነ፣ ዝምታ እምቢታ ይሁን።

ገንዘብና ምትክ

ብዙ ረቂቆች የሚንሸራተቱት እዚህ ነው። «ለቆረጠው ዛፍ ሦስት ይተክላል» ሲባል አዳራሹ ያጨበጭባል። እስቲ እናስላው። ዲያሜትሩ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ እና 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ችግኝ አስቡ። ውፍረቱ 16 እጥፍ ነው። የግንዱ ቁራጭ ፊት ሲሰላ 16 በ16፣ 256 እጥፍ ይሆናል። የግንዱን ስፋት ብቻ ለመተካት 256 ችግኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥላውን፣ ወፎቹን፣ በባዶው ግንድ ውስጥ የሚኖሩትን ገና አልቆጠርንም። ከተተከሉት ስንቱ እንደሚጸድቅም አላነሳንም።

ከሙከራዎቹ ሁሉ ደፋሩ የሕንዷ ማሃራሽትራ ነው፤ ሙምባይ ያለችበት ግዛት። በ2021 በተሻሻለው ሕጓ 50 ዓመት የሞላው ዛፍ የቅርስ ዛፍ ነው፤ የሚተከለው ምትክ ቁጥርም በተቆረጠው ዛፍ ዕድሜ ልክ ነው። የ80 ዓመት ዛፍ ቆርጠህ 80 ትተክላለህ። ሐሳቡ ያምራል፤ ትልቁን ዛፍ መቁረጥ ከትንሹ ይልቅ እንዲከብድ ያደርጋል። ሆኖም በተጨናነቀ ከተማ ለ80 ዛፍ ቦታ ከየት ይመጣል? ችግኞቹ ከከተማ ዳር ይተከላሉ። ጥላ ያጣው መንገድ ጥላ እንዳጣ ይቀራል።

ክፍያን በተመለከተ አትላንታን ተመልከቱ። ለረጅም ዓመታት የምትጠይቀው ካሳ በአንድ ዛፍ 100 ዶላር ሲደመር በእያንዳንዱ የዲያሜትር ኢንች 30 ዶላር ነበር። የኛ ባለ 80 ሴንቲ ሜትር ዛፍ 31.5 ኢንች ገደማ ነው። 1,045 ዶላር ይመጣል። በዚያ መሬት ላይ ቤት ሠርቶ ለሚሸጥ ሰው ይህ ከበር ቀለም ወጪ አይለይም። ከተማዋ በ2025 ክፍያውን በኢንች ወደ 140 ዶላር ያሳደገችው ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ነው። በሌላ በኩል ለንደን ውስጥ፣ በርክሌይ አደባባይ ላይ ያለ አንድ የፕሌን ዛፍ በ2008 ካቫት በሚባለው የዛፍ መተመኛ ዘዴ 750,000 ፓውንድ ተገምቷል። ይህ ዘዴ ከግንዱ ስፋት ይነሳና የዛፉን ጤንነት፣ የሚያየውን ሕዝብ ብዛትና የሚቀረውን ዕድሜ ያገናዝባል።

እንግዲህ ካሳ ከገባ፣ ቁጥሩ ደንቡ ውስጥ በገንዘብ ተጽፎ እንዳይቀር። በመተመኛ ዘዴ ይታሰር፤ በየዓመቱ እንደ ዋጋ ንረቱ ይከለስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልልቆቹን ዛፎች ከካሳው ውጪ አድርጓቸው። ምንም ያህል ገንዘብ የማያስቆርጠው ዛፍ መኖር አለበት።

ሥሩን የረሳ ደንብ

አንድ ትልቅ ዛፍ ሲሞት ዓመት በዓመት እየተመላለስኩ አይቻለሁ። ዛፉ የተጠበቀ ነበር። አጠገቡ ግንባታ ሲጀመር ግንዱን በጣውላ አለበሱት፤ ቅርንጫፉ እንዳይነካ የማሽኑ ሹፌር ሲጠነቀቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁላችንም ተረፈ ብለን ነበር። ከዚያ ከግንዱ ሁለት ሜትር ርቆ ለቱቦ የሚሆን ቦይ ተቆፈረ። የቦዩ ግድግዳ ላይ እንደ ክንድ የወፈሩ ሥሮች ተቆርጠው ነጭ ፊታቸው ይታይ ነበር፤ እርጥብ ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ከላይ ጫፍ ጫፉ ሳሳ። በሦስተኛው በቦዩ በኩል ያለው ጎን ሳያቆጠቁጥ ቀረ። በአራተኛው ዓመት «የደረቀ ዛፍ» ተብሎ፣ በሕጋዊ ፈቃድ፣ ተቆረጠ። ማንም አልተጠየቀም። ደንቡ ስለ መቁረጥ እንጂ ስለ መቆፈር አንድ ቃል አልነበረውም።

የዛፍ ሥር እንደ ሚስማር ወደ ታች ብቻ የሚወርድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አብዛኛው ሥር ግን ያለው ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ አየርና ውሃ የሚገኘው እዚያ ነውና። ወደ ጎን ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ቦይ ብቻ ሳይሆን የተከመረ አሸዋ፣ ቆሞ የሚያድር ከባድ መኪና፣ ግንዱ ላይ የተደለደለ አፈር ይገድለዋል። አፈሩ ሲጠቀጠቅ ሥሩ አየር ያጥረዋል።

በእንግሊዝ የግንባታ ደረጃ ላይ ግልጽ ስሌት አለ። የግንዱን ዲያሜትር በ12 አባዛ፤ ያን ያህል ርቀት ላይ ዙሪያውን አጥር። የ80 ሴንቲ ሜትሩ ዛፍ 9.6 ሜትር ያስፈልገዋል። በጣም ላረጁ ዛፎች ደግሞ የመንግሥት መመሪያ በ15 እንዲባዛ ይመክራል፤ 12 ሜትር ይሆናል። ለምትጽፉት ደንብ ይህችን አንዲት መስመር ብቻ ብታስገቡ ከብዙ የቅጣት አንቀጽ ትበልጣለች። «መቁረጥ» የሚለው ቃል ሲተረጎምም ሥር መቁረጥን፣ መመረዝን፣ አፈር መደልደልንና ጫፉን መጨፍጨፍን ይጨምር።

«አደገኛ ነው» የሚለው በር

ሁሉም ደንብ ለአደገኛ ዛፍ በር ይከፍታል፤ መክፈትም አለበት። ሰው ላይ ሊወድቅ የደረሰ ዛፍ ፈቃድ አይጠብቅም። ጥያቄው አደገኛ ነው የሚለው ማን ነው? በ2019 ፍሎሪዳ ባወጣችው ሕግ፣ የመኖሪያ ቤት ባለቤት ከአንድ የዛፍ ባለሙያ «አደገኛ ነው» የሚል ሰነድ ካገኘ ከተማው ፈቃድ ሊጠይቀው አይችልም ተባለ። ባለሙያው ደግሞ ባለቤቱ የከፈለው ሰው ነው። «አደገኛ» ምን እንደሆነ ሕጉ ሳይተረጉም ስለቀረ ከተሞችና ባለቤቶች ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በ2022 ተሻሽሎ ባለሙያው የታወቀ የአደጋ ግምገማ ዘዴ እንዲከተልና ዛፉን ከማንሳት ሌላ አደጋውን የሚቀንስ መንገድ አለመኖሩን እንዲያረጋግጥ ተደረገ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቁልፍ ነው። አንድ የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ዛፉን በሙሉ አያስኮንንም። ቅርንጫፉ ይነሳል፤ ወይም በገመድ ይደገፋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የቆመውም «አደገኛ» ከተባለ ማግስት ምሳር ይበዛበታል። ስለዚህ ከተማው ራሱ ገለልተኛ ባለሙያ ይላክ፤ ድንገተኛ ከሆነም ከመቆረጡ በፊት ፎቶ ይነሳ።

ከተማው ራሱስ?

በእንግሊዟ ሼፊልድ ውስጥ ከ2012 በኋላ በተደረገ የመንገድ ጥገና ውል ከ5,000 በላይ የመንገድ ዳር ዛፎች ተቆርጠዋል። ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ጥፋታቸው ሥራቸው የእግረኛ መንገዱን ማንሳቱ ነው። ነዋሪዎች ከዛፎቹ ሥር ቆመው ታሰሩ። ገለልተኛ ምርመራው በ2023 ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት ፕሊመዝ ውስጥ ከ100 በላይ ዛፎች በሌሊት ተቆረጡ፤ የፍርድ ቤት እግድ ሲደርስ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ቆራጩ ያው ደንቡን የሚያስከብረው ምክር ቤት ነው። አሁን እንግሊዝ ውስጥ ምክር ቤቶች የመንገድ ዛፍ ከመቁረጣቸው በፊት ሕዝብ እንዲያማክሩ በሕግ ይገደዳሉ።

ደንባችሁ መንገድ ሠሪውን፣ ውሃና መብራት ዘርጊውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ራሱን የሚያስር መሆኑን አረጋግጡ። ግለሰቡን ብቻ የሚያስር ደንብ ሰው አያከብረውም። ትክክልም አይደለም።

ቅጣት

በዋሽንግተን ዲሲ አንዳንድ አልሚዎች ትልቁን ዛፍ ቆርጠው ቅጣቱን ከግንባታ ወጪ ጋር ደምረው ይከፍሉ ነበር። በ2022 ሕጉ ተሻሽሎ የከተማው የዛፍ ክፍል ሥራውን እዚያው የማስቆም ሥልጣን አገኘ። ሠራተኛው መጋዝ በተነሳበት ሰዓት ደርሶ ያስቆማል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ከፍተኛ መቀጮ ትቼ ይህን እወስዳለሁ። መቀጮ ዛፉን አይመልስም።

ሌላው ውጤታማ መንገድ ትርፉን መውሰድ ነው። በእንግሊዟ ፑል አንድ የቤት ባለቤት ለሰገነቱ ፀሐይ ለማስገባት የተጠበቀ የኦክ ዛፍ ቅርንጫፎች አስቆረጠ። ፍርድ ቤቱ የጣለበት መቀጮ ትንሽ ነበር፤ ግን ብርሃኑ በቤቱ ዋጋ ላይ የጨመረው ተሰልቶ እንዲመልስ ታዘዘ። ይህ ከመቀጮው በብዙ እጥፍ በለጠ።

ባለቤቱንም እናስብለት። ትልቅ ዛፍ ወጪ አለው፤ ቅጠል ይጠረጋል፣ ይከረከማል፣ ጣሪያ ያሰጋል። ጥቅሙን የሚያገኘው ሠፈሩ በሙሉ፣ ወጪውን የሚሸፍነው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ዛፉን ይጠላዋል። ነጻ የባለሙያ ምርመራና የመከርከም ድጎማ ከደንቡ ጋር አብሮ ይምጣ። ኦስቲን ላይ አንድ ብልሃት አለ። የቅርስ ዛፍ ለማንሳት ከመጠየቅህ በፊት፣ ዛፉን ለማስቀረት የሚከለክሉህ ሌሎች የግንባታ ደንቦች ካሉ እነርሱ እንዲላሉልህ ማመልከት አለብህ። ከአጥር መራቅ ያለብህ ርቀት ይቀነስልሃል፤ የመኪና ማቆሚያው ያንሳል። ቤቱም ይሠራል፤ ዛፉም ይቆማል።

ታዲያ የቱን?

ከተማችሁ በፍጥነት እየተገነባ ከሆነና ምን ዛፍ የት እንዳለ የሚያውቅ መዝገብ ከሌለው፣ ያለ ጥርጥር በመጠን የሚሠራውን ምረጡ። ገደቡን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ዝቅ አድርጉ። ዘገምተኛ ዝርያዎችን ለይታችሁ ከዚያም ዝቅ አድርጓቸው። ከ250 በላይ ለሆኑት በገንዘብ የማይከፈት ሁለተኛ እርከን ጨምሩ። የሥር ዙሪያውን ስሌት አትርሱ።

ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ከሆነ፣ «የፈቃድ ማመልከቻ ያጥለቀልቀናል» ማለቱ አይቀርም። ስጋቱ እውነት ነው። ያን ጊዜ ገደቡን ወደ 100 ወይም 110 ከፍ አድርጎ መጀመር ይሻላል እንጂ ወደ ዝርዝር መሸሽ አይሻልም። ዝርዝር ሥራ የሚቀንስ ይመስላል። እያንዳንዱን ዛፍ መመርመርና መመዝገብ ግን ከዚያ የበለጠ ሠራተኛ ይበላል።

ዝርዝርን የምመርጠው ከመጠን ደንቡ በላይ ተጨማሪ ሆኖ ሲመጣ ነው፤ ታሪክ ላላቸው፣ እንደ ሲንጋፖር የተለየ እንክብካቤ ለሚገባቸው ጥቂቶች። ለብቻው ሲቀርብላችሁ ግን ተቃወሙ። «ምትክና ካሳ» ብቻ የያዘ ረቂቅ ከመጣ ደግሞ የዋጋ ዝርዝር እንጂ የጥበቃ ደንብ አይደለም ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

አዲስ ደንብ እስኪወጣ የምትጠብቁበት ጊዜ ከሌለና ዛፉ በዚህ ሳምንት የሚቆረጥ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ዙሪያውን 1.30 ላይ ለኩ፤ ሜትሩ ቁጥሩን እያሳየ ፎቶ አንሱ። ዛፉን ሙሉ ቁመቱን፣ ከአራቱም አቅጣጫ፣ አጠገቡ ያለው ቤት እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ቅጠሉንና ቅርፊቱን በቅርብ አንሱ። ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ያለውን ደንብ አውጥታችሁ አንድ ነገር ፈልጉ፤ ጊዜያዊ ጥበቃ የሚሰጥ አንቀጽ። ካለ ማመልከቻችሁ አንድ ገጽ ይሁን፤ ልኬቱና ፎቶው ከላይ፣ ጥያቄው ከታች። በእጅ አስገቡና የተቀበለውን ሰው አስፈርሙ።